ለምስጥ የማይበገር የአጥር ቋሚ፦ መድኃኒቱን እንዴት ለየሁ

ነቀምት አካባቢ ምስጥ ለባሕር ዛፍ ቋሚ ምሕረት የለውም። የተቃጠለ ዘይት የቀባናቸው የአጥር ቋሚዎች እንኳ ከላይ ደህና መስለው፣ ሲነቀሉ ከአፈር በታች ያለው ክፍል በጭቃ የተሞላ ቀፎ ነበር። ሻጩ ሁሉ የራሱን መድኃኒት ስለሚያደንቅ፣ በየመድኃኒቱ የተነከሩ ትንንሽ የእንጨት ችካሎች ጎን ለጎን ቀብሬ ለማየት ወሰንኩ።

የችካሉን ልክ የወሰድኩት ኢኤን 252 ከሚባለው የአውሮፓ የመስክ ፍተሻ ነው፤ 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 5 በ2.5 ውፍረት፣ ግማሹ የሚቀበር። ምንም መድኃኒት ያልነካው ችካል ለማነጻጸሪያ የግድ ያስፈልጋል። እሱ ካልተበላ ሌላው መትረፉ ምንም አይናገርም፤ ምስጡ አልመጣም ማለት ብቻ ነው። መጀመሪያ የሆነውም ይኸው ነው፣ ሁሉም ደህና ቆሙ። ሕያው ኩይሳ አጠገብ አዛውሬ፣ የተቀባውንና ያልተቀባውን አሰባጥሬ ተከልኩ። ያኔ ነገሩ ለየለት።

ያልተቀባው አለቀ። በብሩሽ የተቀባውን በቢላ ስወጋው ቆዳው ብቻ ቀርቷል፤ ምስጡ የገባው ከታች፣ ከተቆረጠው ጫፍ ነው። ቦራክስ (ነጭ የማዕድን ጨው) የጠጣውም አልተረፈም፤ በውኃ ስለሚሟሟ ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል (ለቤት ውስጥ ጣራ እንጨት ግን ጥሩ ነው)። የጸናው በደንብ ደርቆ በክሪዮሶት (ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ በሚወጣ ጥቁር ዘይት) የተዘፈዘፈው ነው። እርጥብ እንጨት አይጠጣም።

አሁን ቋሚውን መጀመሪያ ቀርጬና አሹዬ አደርቃለሁ፤ ከዚያ የሚቀበረውን ጫፍ በርሜል ውስጥ አቆማለሁ። ከተዘፈዘፈ በኋላ መጥረቢያ አይነካውም። ክሪዮሶት መርዝ ነው፤ ጓንት ይደረግ፣ ከብት የሚልሰው ቦታ ላይም አይዋል።