ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም፤ መጀመሪያ ቁልፉን ጠርጥሩ

ጅማ ዝናቡ ሲጠና መኪና ጠዋት ጠዋት ያስቸግራል። አልነሳም ሲል ብዙዎቻችን ጎረቤት ጠርተን ማስገፋት ይቀናናል። መኪናው ኢሞቢላይዘር፣ ማለትም በማያውቀው ቁልፍ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚከለክል መሣሪያ፣ ካለውና ቁልፉን ካላወቀው ግን አጂፕ ሰፈር ድረስ ቢገፋም አይነሳም። የመኪናው ኮምፒውተር ነዳጁን ወይም የካንዴላውን እሳት ዘግቶታል።

ምልክቱ እንዲህ ነው። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ በደንብ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ወይም ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል። ዳሽቦርዱ ላይ የመኪና ወይም የቁልፍ ስዕል ያለበትን መብራት እዩ። ቁልፉ ወጥቶ እያለ ብልጭ ድርግም ማለቱ ጤና ነው። ቁልፉን አዙራችሁም ካላቆመ መኪናው ቁልፉን አላወቀውም ማለት ነው።

ምክንያቱን ለማግኘት አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። በቁልፉ ራስ ውስጥ ከቡና ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ቺፕ አለ። የራሱ ባትሪ የለውም። የቁልፍ ማስገቢያውን የከበበው አንቴና፣ አብዛኛውን ጊዜ በ125 ኪሎኸርዝ፣ ኃይል ይሰጠዋል። እሱም ኮዱን ይመልሳል። ስለዚህ የሪሞቱን ባትሪ ቀይሩ ቢሏችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ። ያ ባትሪ በር ለመክፈትና ለመቆለፍ ነው።

መፍትሄው ከሁለተኛው ቁልፍ ይጀምራል። በእሱ ከተነሳ ጥፋቱ የመጀመሪያው ቁልፍ ነው። ችግሩ የጀመረው የተሰበረውን የቁልፍ ሽፋን ካስቀየራችሁ በኋላ ነው? እንግዲያው ቺፑ አሮጌው ሽፋን ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። አሮጌውን ሽፋን ሳትፈትሹ አትጣሉ። የሁለት መኪና ቁልፍ በአንድ ቀለበት የምትይዙ ከሆነም ለይታችሁ ሞክሩ፤ ሁለት ቺፕ ጎን ለጎን ሲሆን አንቴናው ይምታታበታል።

ሁለቱም ቁልፍ እምቢ ካለ ወደ ባትሪው ሂዱ። ሞተሪኖው እየጎተተ የሚዞር ከሆነ ቮልቴጁ ወርዶ ኮምፒውተሩ ቁልፉን ማንበብ ሊያቅተው ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ ያረፈ ባትሪ ሲሞላ 12.6 ቮልት አካባቢ ነው፤ 12.2 ከደረሰ ግማሽ ያህሉ አልቋል። ጫፎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ኔጌቲቩን አስቀድማችሁ ፍቱ፣ አጽዱ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ። ቀጥሎ ፊውዝ፣ ከዚያም የአንቴናው ሽቦና መሰኪያው ይታያል። ይህ ሁሉ ሳይታይ «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ እንዳይፈታው በሉት። በጣም ውዱን ዕቃ በግምት መቀየር ተገቢ አይደለም።

በቁልፍ ሳይሆን በተን ተጭኖ የሚነሳ መኪናስ? እዚህ የቁልፉ ባትሪ ጉዳይ አለው። ብዙ ጊዜ 3 ቮልት የሆነው ሲአር2032 ነው። ካለቀ ፍሬን ረግጣችሁ ቁልፉን በተኑ ላይ አስጠግታችሁ ተጫኑ፤ ቶዮታን ጨምሮ ብዙዎቹ በዚህ ይነሳሉ።

ያላችሁ አንድ ቁልፍ ብቻ ከሆነ እባካችሁ እሱ እየሠራ ሳለ ሁለተኛ አስቀርጹ። አንድ የሚሠራ ቁልፍ ሲኖር ሥራው ቀላል ነው። ሁሉም ከጠፋ ግን መኪናውን 350 ኪሎ ሜትር ያህል አስጭኖ አዲስ አበባ መውሰድ ሊመጣ ይችላል። የሚቀርጽላችሁ ሰው ሊብሬ ካልጠየቃችሁ ሌላ ፈልጉ፤ ሌባንም አይጠይቅም። የጠፋው ቁልፍ ኮድ ከመኪናው ላይ እንዲሰረዝም ንገሩት። ካልተሰረዘ ያገኘው ሰው መኪናችሁን አስነስቶ ይሄዳል።