ከፍ ያለ ተሳቢ በትራክተር ሲጎትቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ የማያያዣ ስህተቶች

ሜዳ ላይ ከሆነ የማንም ትራክተር ተሳቢ ይስባል። ጣጣው የሚመጣው ተሳቢው ከፍ ያለ እንደሆነ ነው። ከኢተያ ወደ አዳማ ጭድ ከምሮ የሚወርደውን፣ ወንጂ ላይ ሸንኮራ አገዳ የሚያመላልሰውን ወይም ጎማ ተገጥሞለት ቢሮ የሆነውን ኮንቴነር ያስቡ። የእነዚህ ክብደት ከመሬት ርቆ ስለሚቀመጥ ማያያዣው ከመሳቡ ሌላ ወደ ላይ የሚያነሳውን፣ ወደ ታች የሚጫነውንና ወደ ጎን የሚወዘውዘውን ኃይል ሁሉ መቻል አለበት። ማያያዣ የሚገዙ ሰዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት «ስንት ቶን ይስባል?» ብለው ብቻ ነው።

ከላይ ማሰር

ገዳዩ ስህተት ይህ ነው። የተሳቢው ዘንግ (ከፊቱ ወጥቶ ከትራክተሩ ጋር የሚያያዘው ብረት) ከፍ ብሎ ከትራክተሩ መሳቢያ ብረት ጋር አልገጥም ሲል ሰንሰለት ይመጣና ከወንበሩ ኋላ፣ የሃይድሮሊኩ የላይኛው ዘንግ የሚሰካበት ቦታ ላይ ይታሰራል። ትራክተር ከባድ ነገር ሲስብ የኋላ ጎማው መሬቱን ቆንጥጦ ፊቱን የማንሳት ጠባይ አለው። የሚስብበት ነጥብ ዝቅ ባለ ቁጥር ይህ ጠባይ ይዳከማል፤ ነጥቡ ከኋላው አክስል በላይ ሲሆን ግን ጭነቱ ራሱ ትራክተሩን ወደ ኋላ ይገለብጠዋል። ፊቱ ከተነሳ በኋላ ሾፌሩ ላይ ለመውደቅ ሁለት ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም፤ ፍሪሲዮን ለመርገጥ የሚተርፍ ጊዜ የለም። ስለዚህ ከፍታ አልገጥም ካለ ዝቅ የሚደረገው ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው፣ ፒን የሚገባበት የተሳቢው ቀለበት ነው እንጂ ከፍ የሚደረገው የትራክተሩ መሳቢያ አይደለም። ጥሩ በያጅ ዘንጉ ጫፍ ላይ ወፍራም ብረት ቁልቁል አውርዶ፣ በጎን ደግፎ ቀለበቱን እታች ሊያስቀምጠው ይችላል።

የሃይድሮሊክ ክንዱን ማመን

ከትራክተሩ ኋላ በሃይድሮሊክ በሚነሱት በሁለቱ የታችኛው ክንዶች መካከል የሚሰካውና መሐሉ ላይ ኳስ ያለው አግዳሚ ብረት ግቢ ውስጥ ተሳቢ ለማንቀሳቀስ የሚስተካከለው የለም። ክሪክ አያስፈልግም፤ ኳሱን ከሥር አስገብቶ ማንሻውን መሳብ ብቻ ነው። አስፋልት ላይ ለመውጣት ግን አልመክረውም። በብዙዎቹ ትራክተሮች ሃይድሮሊኩ ማንሳት እንጂ ወደ ታች መጫን አይችልም፤ ክንዱ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። ጭዱ ከተሳቢው አክስል ኋላ በዝቶ ከተከመረ ዘንጉ ወደ ላይ ይነሳል፣ ክንዶቹንም ይዟቸው ይወጣል። የትራክተሩ የኋላ ጎማ ያን ጊዜ ይቀልላል፤ ፍሬኑም አብሮ ይደክማል።

ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ሲጫን ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ዘንጉ ላይ ይረፍ። ተሳቢው ከነጭነቱ 3 ቶን ከሆነ ከ300 እስከ 450 ኪሎ ማለት ነው። ዘንጉን በእጅዎ ማንሳት ከቻሉ ጭነቱ ወደ ኋላ ሄዷል ማለት ነውና ይደልደል። (የፊት አክስሉ የሚዞር ባለ አራት ጎማ ተሳቢ ላይ ይህ ሒሳብ አይሠራም፤ ዘንጉ ክብደት አይሸከምም።) በተቃራኒው ዘንጉ ከመጠን በላይ ከከበደ የትራክተሩ ፊት ይቀልላል። ከትራክተሩ ክብደት ቢያንስ 20 በመቶው የፊት ጎማ ላይ ካልቀረ መሪው አይታዘዝም፤ ፊት ላይ ተጨማሪ ሚዛን የሚሰቀለው ለዚሁ ነው። ክንዶቹ ወደ ጎን እንዳይዋዥቁ የሚይዟቸው ሰንሰለቶችም ይጥበቁ።

ኳስን በዓይን መለካት

የአውሮፓ ኳስ 50 ሚሊ ሜትር፣ የአሜሪካው 2 ኢንች፣ ማለትም 50.8 ነው። ሌላም ትንሽ የአሜሪካ ኳስ አለ፣ 47.6 ሚሊ ሜትር። የ2 ኢንቹ ጭንቅላት (ኳሱን የሚያቅፈው የተሳቢው ጫፍ) በዚህኛው ላይ በደንብ የተዘጋ ይመስላል፤ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ግን ዘሎ ይወጣል። መጠኑ ኳሱ አናት ላይ ስለሚቀረጽ ማንበብ ይበቃል።

ፒን ጠፋ ብሎ ፌሮ

«ጋሼ፣ ፌሮ እኮ ፎቅ ይሸከማል!» ይላል ረዳቱ ልጅ፣ በፒን ፋንታ ያመጣውን ቁራጭ ጫፉ ላይ እየቆለመመ። ፎቅ የሚሸከመው ኮንክሪት ውስጥ ተቀብሮ ሲወጠር ነው። ቀለበት ውስጥ ሲገባ ግን ሥራው በቁሙ ከመቆረጥ መትረፍ ነው፤ ያ ሸካራ ጀርባውም ቀዳዳውን ይሞርደዋል። ቅጥነትም ሌላ ጣጣ አለው። የአነስተኛ ትራክተር የታችኛው ክንድ ፒን 22 ሚሊ ሜትር ሲሆን የመካከለኛው 28 ነው። ቀጭኑን በሰፊው ቀዳዳ ከሰኩት ስድስት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተርፋል፤ በተነሱና በቆሙ ቁጥር ብረቱ እንደ መዶሻ ይመታል። ፒኑ በልኩ ይሁን፤ ከታች መቆለፊያ ሽቦው ይግባበት።

ነፋሱን መርሳት

አዳማ ዳር ያሉት ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች 136 ተርባይን የተተከለላቸው በከንቱ አይደለም። በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ 12 ካሬ ሜትር ስፋት ያለውን የጭድ ግድግዳ በ200 ኪሎ ገደማ ይገፋዋል፤ ያውም ከላይ፣ ለመጣል በሚመችበት ቦታ። ለእንዲህ ያለው ተሳቢ በራሱ ዙሪያ የሚሽከረከር ቀለበት ይምረጡ። ድርቅ ብሎ የተበየደ ቀለበት ተሳቢው ሲያዘነብል ጠመዝማዛውን ኃይል በቀጥታ ለትራክተሩ ያስተላልፋል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይዞት ይወድቃል። የሚሽከረከረው ተሳቢውን ከመውደቅ አያድነውም፣ ሾፌሩን ግን ሊያተርፈው ይችላል።

ያለ መጠባበቂያ ሰንሰለት መውጣት

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዳማ 1,700 አካባቢ፤ ስለዚህ ወደ አዳማ የሚወርደው መንገድ ቁልቁለት ነው። ጭነቱ ቁልቁል የሚገፋው ትራክተሩን ነው፤ ፒኑ ከወጣ ደግሞ ተሳቢው ብቻውን ይሄዳል። ሁለት ሰንሰለት ከዘንጉ ሥር አጠላልፈው ይሰሩ፤ ዘንጉ ቢወድቅ አስፋልቱን ሳይነካ እላያቸው ላይ ያርፋል። ኩርባ ላይ እንዳይወጠሩ ትንሽ ላላ ይበሉ፣ መሬት እስኪጎተቱ ግን አይርዘሙ።