አህያዋ አልነሳ ስትል፦ ያረጀ ኤቲቪ ችግርና መፍትሄ

ባለፈው መጋቢት አንድ የማከብራቸው ጋሼ ደወሉልኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከዲሲ ሁለት ሰዓት ርቀው በግ ያረባሉ። «አንተ ልጅ፣ አህያ ገዝቼ አልነሳ አለችኝ» አሉ። የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። አህያ ያሉት ለካ ኤቲቪ ነው፤ ባለ አራት እግር ሞተር። መኖ የምታመላልስ፣ የአጥር እንጨት የምትጎትት የሥራ ሞተር።

ሄጄ አየኋት። ሆንዳ ፎርትራክስ 300 ናት። ይህ ሞዴል ከ1988 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ነበር። ሞተሯ 282 ሲሲ፣ ባለ አንድ ፒስተን፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። ነዳጁን ከአየር የሚቀላቅልላት ካርቡራቶር ነው እንጂ ኮምፒውተር የላትም። ሰንሰለትም የላትም፤ ኃይሉ ወደ ጎማ የሚሄደው በብረት ዘንግ ነው። አጎቱ ጋራዥ ካቻቢቴ እያቀበለ ላደገ እንደኔ ላለ ሰው የምታስፈራ አይደለችም።

መቀመጫዋን ሳነሳ ግን አንድ ካርቶን አገኘሁ። ውስጡ አሮጌ የሲዲአይ ሳጥን፣ ማለትም የሞተሩን ብልጭታ የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን አለ፤ አዲሱ ተገጥሟል። የቀድሞው ባለቤት ችግሩ እሱ መስሎት ገዝቶ ቀይሯል፣ አልነሳ ስትለው ሦስት ዓመት በረት ውስጥ አቁሟታል፣ ከዚያ ሸጧታል። ስታርት ስጫን የሰማሁት ድምፅ «ጠቅ» ብቻ ነበር። ለዚህ ሲዲአይ መቀየር ሆዱን ላመመው ሰው መነጽር እንደ መግዛት ነው።

ስለዚህ ከታች የምነግራችሁ ሁሉ በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፦ ሳትለኩ አትግዙ። እዚህ አገር እንደ አዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ የለም፤ ገብታችሁ «ይቺ ትሆናለች?» ብላችሁ አስተያይታችሁ አትመለሱም። የተሳሳተ ዕቃ ካዘዛችሁ ገንዘቡም ሳምንቱም ሄደ። ርካሽ ቴስተር (ቮልት መለኪያ)፣ የካንዴላ (ብልጭታ የሚሰጠው ዕቃ) መፍቻ ቁልፍና የሞዴሉ የጥገና መጽሐፍ ይበቋችኋል።

ጠቅ ይላል፣ አይዞርም

መጀመሪያ ባትሪውን ለኩ። ሞልቶ ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12 ከሆነ ባዶ ነው በሉት። ከዚያ ስታርት እየተጫናችሁ ለኩ። ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ቁጥር ያሳያል እንጂ ጉልበት የለውም። ቻርጅ አድርጋችሁ ያው ከሆነ ይቀየር።

ባትሪው ደህና ሆኖም ጠቅ ካለ፣ ማሳውን ፈትሹ። ማሳ ማለት የባትሪው ኔጌቲቭ ከሞተሩ ብረት ጋር የሚታሰርበት ነው። የቴስተሩን አንድ ሽቦ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርጉ። አሁን ስታርት ተጫኑ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካነበባችሁ ማሳው ኃይል እየበላ ነው። የጋሼ አህያ 2 ቮልት ተኩል አሳየችኝ! ቡሎኑን ስፈታው ሥሩ አረንጓዴ ዝገት ነው። በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግኩት፣ ግሪስ ቀባሁት፣ አሰርኩት። ወዲያው ዞረች። ወጪ ዜሮ።

ማሳውም ንጹሕ ከሆነ የቀረው የስታርተር ሪሌ (ኃይሉን የሚያሳልፈው ማብሪያ) እና ሞተሩን የሚያዞረው ሞተሪኖ ነው። ወፍራሞቹ ሁለት የሪሌ ጫፎች ላይ ቴስተር አድርጋችሁ ስታርት ስትጫኑ፣ ወደ ዜሮ ካልወረደ ሪሌው ነው ጥፋተኛው። ከወረደና ሞተሪኖው ዝም ካለ፣ ሞተሪኖው ይፈታ። ብዙ ጊዜ ያለቀው ካርቦኑ ነው።

ጠቅ እንኳ ካላለ ሌላ ታሪክ ነው። ፊውዝ ተመልከቱ። የፎሌ (ማርሽ ያለመግባት) መብራት መብራቷንም እዩ፤ ማርሽ ውስጥ ከሆነ አልነሳ ማለቷ ጤና ነው።

ይዞራል፣ ግን አይነሳም

ከሁሉ በፊት መሪው ላይ ያለውን ቀይ የማጥፊያ ቁልፍ ተመልከቱ። ሳቁብኝ፤ እኔ አንዴ ግማሽ ቀን ለፍቼበታለሁ።

ከዚያ ካንዴላውን ፍቱ። አዲስ ካንዴላ ከገመዱ ጋር አያይዛችሁ፣ ብረቱን ከሞተሩ ብረት አስጠግታችሁ ስታርት ተጫኑ። ሰማያዊ፣ ጠንካራ ብልጭታ ከሆነ እሳቱ ደህና ነው። ቀጭን ብርቱካንማ ከሆነ የካንዴላውን ቆብና ቦቢናውን (ለብልጭታው ከፍተኛ ቮልት የሚፈጥረውን ጥቅልል) ጠርጥሩ። በባዶ እጅ አትያዙት። ከካንዴላው ጉድጓድም አርቁት፤ ከዚያ የሚወጣው የቤንዚን ጭጋግ ይቀጣጠላል።

ብልጭታ ካለ ችግሩ ነዳጅ ነው። ቆማ በከረመች ሞተር ከአሥሩ ዘጠኙ ጊዜ ካርቡራቶር ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም። ምክንያቱም እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት። ኤታኖል ውሃ ይስባል። ወራት ሲቆይ ውሃውና ኤታኖሉ ተያይዘው ከታች ይዘቅጣሉ። ቤንዚኑም ቀስ ብሎ ይተንና እንደ ቫርኒሽ የሚጣበቅ ነገር ይተዋል። ያ ነገር ሄዶ የሚደፍነው የካርቡራቶሩን እጅግ ጠባብ ቀዳዳ ነው።

መፍትሄው ሁለት ደረጃ አለው። ታንኩን ሙሉ በሙሉ አፍስሱ፤ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር አትቀላቅሉ። ከካርቡራቶሩ ሥር ያለችውን ትንሽ ቡሎን ፈትታችሁ የሚወጣውን በብርጭቆ ተቀበሉ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተ፣ ወይም ከሥሩ የውሃ ጠብታ ከተንከባለለ፣ ካርቡራቶሩ መውጣቱ ግድ ነው።

ስታወጡት ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ታችኛውን ጎድጓዳ ፍቱ፣ ነዳጁ የሚያልፍባቸውን ባለ ቀዳዳ የነሐስ ቡሎኖች አውጡና እያንዳንዱን ወደ ብርሃን አቅኑ። ክብ ብርሃን ካልታያችሁ ተደፍኗል። ካርቡራቶር ማጽጃ ይነፋበት፣ ይደር፣ እንደገና ይነፋበት። ካልከፈተ ከኤሌክትሪክ ገመድ አንድ ቀጭን የመዳብ ክር መዝዛችሁ ቀስ ብላችሁ አሳልፉ። የብረት ሽቦ ወይም መርፌ አይሆንም። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ ቀዳዳው በትንሹ ከሰፋ ሞተሯ ዕድሜ ልኳን ነዳጅ ጠጪ ትሆናለች። በመጨረሻ የላስቲክ ማሸጊያዎቹን ቀይሩ። በርካሽ የሚሸጡት ሙሉ ካርቡራቶሮች ያጓጓሉ። እኔ ግን የታጠበውን አሮጌ ኦሪጅናል እመርጣለሁ፤ ርካሾቹ ቀዳዳቸው በትክክል ያልተለካ እየሆነ ብዙ ሰው አማሯል።

በቾክ ብቻ ይሠራል፣ ቾኩን ሲመልሱት ይጠፋል

ቾክ አየር ቀንሶ ነዳጅ የሚያበዛው ማንሻ ነው። ስለዚህ ይህ ማለት ሞተሩ አየር በዝቶበታል ወይም ነዳጅ አንሶታል። አንዱ ምክንያት ከላይ ያልኩት ጠባብ ቀዳዳ ነው። ሌላው ካርቡራቶሩን ከሞተሩ የሚያገናኘው ጎማ መሰንጠቁ ነው። ጎማው ሲያረጅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ሳይታይም አየር ያስገባል። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ጎማው ዙሪያ ትንሽ ካርቡራቶር ማጽጃ ርጩ። ድምፁ ከተለወጠ ስንጥቁን አገኛችሁት። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ሲግል ግን ይህን አታድርጉ፤ ፈሳሹ እሳት ነው።

የአየር ፊልትሮውንም አውጡ። የጋሼ አህያ ፊልትሮ ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርታ ወልዳ ነበር። ስፖንጁን በልታዋለች። አየር ያለ ፊልትሮ ሲገባ አቧራውም አብሮ ይገባል፤ አቧራ ደግሞ ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል።

ሃያ ደቂቃ ትሠራና ትጠፋለች፣ ስትቀዘቅዝ ትነሳለች

ሰውን የሚያሳብደው ይሄ ነው። ጋራዥ ስትወስዷት ትሠራለች፣ ማሳ ውስጥ ስትሄድ ትቆማለች። (ይሄኛው ማሳ የእርሻው ነው፣ የኤሌክትሪኩ አይደለም።) ዘዴው በጠፋችበት ቅጽበት መመርመር ነው። ስለዚህ ካንዴላና ቁልፍ ኪሳችሁ ይዛችሁ ንዱ።

ስትጠፋ መጀመሪያ የታንኩን ክዳን ክፈቱ። አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ ከሰማችሁና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከተነሳች፣ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ታንኩ አየር ካላስገባ ነዳጅ አይለቅም። ክዳኑን አጥቡት፣ አበቃ።

እሱ ካልሆነ ወዲያው ብልጭታውን እዩ። ስትሞቅ ብልጭታ የለም፣ ስትቀዘቅዝ አለ ከሆነ፣ ቦቢናው ወይም ሞተሩ ውስጥ ያለው የብልጭታ ጊዜ ሰጪ መጠምጠሚያ ነው። ሽቦው ሲግል ውስጡ ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። ሁለቱንም ሲቀዘቅዙም ሲግሉም በቴስተር ለክታችሁ ከመጽሐፉ ቁጥር ጋር አስተያዩ።

ብልጭታውም ደህና ከሆነ ቫልቮቹ ጠብቀው ይሆናል። ለዚህ ሞዴል በቀዝቃዛ ሞተር ክፍተቱ ለሁለቱም 0.08 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተቱ ከጠፋ፣ ሲሞቅ ብረቱ ይለጠጥና ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ግፊቱ ይሸሻል፣ ሞተሩ ይሞታል። ማስተካከሉ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ሰው ግን እየፈራ ይተወዋል።

ጭስና ዘይት

ጥቁር ጭስ ነዳጅ በዝቷል ማለት ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ የፒስተኑ ፋሻ (ዙሪያውን የሚያሽገው ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎማ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የግፊት መለኪያ ካንዴላው ቦታ ግጠሙ፣ ነዳጅ መስጫውን ሙሉ ከፍታችሁ አዙሩ። ቁጥሩ ካነሰ በካንዴላው ጉድጓድ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ድገሙ። ከጨመረ ፋሻው አልቋል። ካልጨመረ ጥርጣሬው ወደ ቫልቩ ይዞራል። ጠዋት ስትነሳ ብቻ የሚታይ ነጭ እንፋሎት አያስጨንቅ።

ዘይቱ እንደ ማኪያቶ ከነጣ ውሃ ገብቷል። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ራዲያተር ስለሌለው ጓርኒሲዮን (የሞተር ራስ ማሸጊያው) ተቃጠለ አትበሉ። ወንዝ ስትሻገር በመተንፈሻው ቱቦ የገባ ውሃ ነው። እስኪጠራ ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀየር።

ዘይት ከተነሳ፦ የመኪና ዘይት አትጨምሩ። ሞተሩን ከማርሹ የሚያያይዘውና የሚያላቅቀው ፍሪሲዮን የሚነከረው በዚያው ዘይት ውስጥ ነው። ነዳጅ ቆጣቢ የሚባሉት የመኪና ዘይቶች ማንሸራተቻ ስላለባቸው ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ጠርሙሱ ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ምልክት ያለበትን የሞተር ሳይክል ዘይት ግዙ።

ማርሽ እየተንቋቋ ይገባል

የእጅ ፍሪሲዮን የላትም፤ የማርሹ ፔዳል ራሱ ነው ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቀው። ሞተሩ ሽፋን ላይ በዳዶ የተቆለፈች ማስተካከያ አለች። ሞተሩ ጠፍቶ ዳዶውን አላሉ፣ ማስተካከያውን ከሰዓት ቆጣሪ አዙር በተቃራኒ እስኪከብድ አዙሩ፣ ከዚያ ሩብ ዙር መልሱና ዳዶውን እሰሩ። አምስት ደቂቃ። ጋሼ ይህን ካዩ በኋላ «ለዚህ ነው ስረግጣት የምትጮኸው?» አሉ።

ፍሬን

ከማሻሻል በፊት ይህ ይሠራ። የፊቱ ፍሬን ታምቡር ነው፤ የውሃ መከላከያው ጎማ ሲያረጅ ጭቃ ይገባና የፍሬኑን ሸራ ይበላዋል። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስታችሁ በእጅ አሽከርክሩ። እየፋቀ ቢጮህ ታምቡሩን ክፈቱ፤ ቢወዛወዝ ኩሽኔታው ነው። ሸራ ስትቀይሩ የውሃ መከላከያውንም አብራችሁ ቀይሩ፤ አለዚያ ከስድስት ወር በኋላ እዚያው ናችሁ።

ማሻሻል

ጋሼ ትልቅ ጎማ ፈለጉ። እኔ እንቢ አልኩ። ይህች ሞተር ለ24 ኢንች አካባቢ ጎማ የተሠራች ናት፤ 25 ትችላለች። 27 ብትጭኑባት ፍሪሲዮኗ ይጮሃል፣ ፍሬኗም ይደክማል። የማርሚታውን ሆድ መብሳትም ያው ነው፤ ድምፅ እንጂ ጉልበት አይጨምርም።

የተስማማንበት ዊንች (በኤሌክትሪክ ገመድ ጠቅልሎ የሚጎትት) ነው፤ የ2,500 ፓውንድ። ዊንች ሲጎትት ዲናሞው ከሚሰጠው በላይ ከባትሪ ይበላል። ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ ይጎተት፣ በአጭር በአጭሩ፣ መሐል መሐል እየታረፈ። ሽቦውም በቀጥታ ከባትሪው፣ በራሱ ፊውዝ ይምጣ። የፊት መብራቶቹን ወደ ኤልኢዲ ቀየርናቸው፤ የተረፈው ኤሌክትሪክ ለባትሪው ይሆናል። በመጨረሻ የሞተሩን ዙር ከፍ አድርገን ባትሪው ላይ ለካን፦ 14.1 ቮልት። ከ13.5 በታች ቢሆን የባትሪውን ቻርጅ የሚቆጣጠረውን ሬጉላተር እንፈልግ ነበር።

ከኋላ መቀመጫ እናክል የሚል የልጅ ልጅም ነበር። ጋሼ ቆጣ ብለው ከለከሉት። ለአንድ ሰው የተሠራች ናት፤ ሁለተኛ ሰው ሲቀመጥ ሚዛኗ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ዳገት ላይ ትገለበጣለች። ከ90 ሲሲ በላይ የሆነችውን ደግሞ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይነዳ ነው የሚመከረው። ልጁ አኩርፎ ወደ በጎቹ ሄደ። ጋሼ የራስ ቁራቸውን አጠለቁ፣ መኖውን ጫኑ፣ ስታርቱን ተጫኑ። በመጀመሪያው ተነሳች።