ከስኳር ሃርድ ካርቦን ማዘጋጀት፦ ለሶዲየም-አዮን ባትሪ አሉታዊ ኤሌክትሮድ

የሊቲየም ባትሪዎች የሚጠቀሙበት ግራፋይት፣ ማለትም ንብርብሮቹ በሥርዓት የተደረደሩ ካርቦን፣ በተለመደው የካርቦኔት ኤሌክትሮላይት (በኤሌክትሮዶቹ መካከል አዮኖችን በሚያመላልሰው ፈሳሽ) ውስጥ ሶዲየምን እምብዛም አይቀበልም። ስለዚህ ለሶዲየም-አዮን ባትሪ የሚመረጠው ንብርብሮቹ የተዘበራረቁና በመካከላቸው ሰፋ ያለ ክፍተት ያለው ሃርድ ካርቦን ነው። ከእንጨትም ሆነ ከፍራፍሬ ልጣጭ ሊሠራ ቢችልም፣ ለጀማሪ የተጣራ ነጭ ስኳር ይሻላል፤ አመዱ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ማዕድኑን በአሲድ አጥቦ የማስወገድ ጣጣ የለበትም።

በመጀመሪያ ስኳሩን ጭስ ማስወጫ ባለው ማድረቂያ ውስጥ በ180 ዲግሪ ሴልሺየስ ለአንድ ቀን ያህል ያቆዩት። ስኳሩ ቀልጦ ከጠቆረ በኋላ አረፋ እየሠራ ወደ ላይ ስለሚነሣ፣ ከዕቃው አንድ አምስተኛ በላይ አይሙሉ። ይህ ደረጃ ቢዘለል አረፋው የሚነሣው በምድጃው ቱቦ ውስጥ ይሆናል፤ ያንን መፋቅ ደግሞ ከሥራው ሁሉ ይከፋል። ሲቀዘቅዝ እንደ ጥቁር መስታወት የሚያብለጨልጭና በቀላሉ የሚሰባበር ጓል ይገኛል፤ በሙቀጫ ወቅጠው በወንፊት ይንፉት።

ዱቄቱን በአሉሚና (ሙቀት በሚችል ሴራሚክ) ሳህን አድርገው ወደ ቱቦ ምድጃ ካስገቡ በኋላ፣ አየሩ በአርጎን፣ ከሌላ ነገር ጋር በማይዋሐድ ጋዝ፣ ተጠርጎ እስኪወጣ ድረስ ማሞቅ አይጀምሩ። ከዚያ ሙቀቱን በደቂቃ ከ2 እስከ 5 ዲግሪ እያሳደጉ 1300 ዲግሪ ያድርሱትና ለ2 ሰዓት ያቆዩት። የሚወጣው ጋዝ ሬንጅና መርዛማ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስላለበት በጭስ ማስወጫ መወገድ አለበት። ምድጃው ሲቀዘቅዝም አርጎኑን አያቋርጡ፤ የጋለ ካርቦን ኦክስጅን ካገኘ ይቃጠላል፣ ገጹም ይቦረቦራል።

ብዙዎች ቀዳዳ የበዛበት ካርቦን ብዙ ሶዲየም ይይዛል ብለው ያስባሉ። እዚህ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ ለኤሌክትሮላይቱ የተጋለጠው ገጽ በሰፋ መጠን በመጀመሪያው የመሙላትና የማፍሰስ ዙር ተመልሶ የማይገኘው ሶዲየም ይበዛል።

ለኤሌክትሮዱ በክብደት 90 እጅ ሃርድ ካርቦን፣ 5 እጅ ካርቦን ብላክ (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጥቁር ዱቄት) እና 5 እጅ ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ (ማጣበቂያ) በውሃ ለውሰው በአሉሚኒየም ፎይል ላይ በስሱ ይቀቡ። ሶዲየም ከአሉሚኒየም ጋር ስለማይዋሐድ በሊቲየም ባትሪ ውስጥ የሚያስፈልገው የመዳብ ፎይል እዚህ አያስፈልግም። የተቀባውን በቫኪዩም በ110 ዲግሪ ሌሊቱን ያድርቁት።

በአርጎን በተሞላ ሳጥን ውስጥ ከሶዲየም ብረት ጋር ተገጥሞ ሲፈተን፣ ቮልቴጁ መጀመሪያ ቀስ እያለ ይወርድና ከ0.1 ቮልት በታች ረዘም ላለ ጊዜ ይረጋል፤ አቅሙም በግራም ወደ 300 ሚሊአምፔር-ሰዓት ቢጠጋ ሥራው ተሳክቷል። የሚረጋበት ክፍል አጭር ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የምድጃው ሙቀት ማነስ ነው።