ቻቱ ይቅረብ ሲባል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ለገሃር ከተደረደሩት ፎቆች በብዙዎቹ ግዢ የሚታዘዘውም ክፍያ የሚፈቀደውም በቴሌግራም ግሩፕ ነው። ጥፋት ተጠርጥሮ «ቻቱ ይቅረብ» ሲባል የሚመጣው ግን የስልክ ስክሪን ታትሞ ማኅተም የተመታበት ወረቀት ነው፤ የባትሪው 12 ፐርሰንት ሳይቀር ከላይ ይነበባል። በውስጥ ኦዲት ሥራዬ የሚደጋገሙብኝ እነዚህ ናቸው።

ምልክት፦ መልእክቱ ከሁሉም ስልክ ላይ ጠፍቷል

መንስኤው ብዙ ጊዜ የእኛው ችኮላ ነው። ሠራተኛውን ጠርተን ጠየቅነው፤ ወጥቶ ሰረዘው። በቴሌግራም የሁለት ሰዎች ቻትን አንደኛው ከሁለቱም ዘንድ ማጥፋት ይችላል። በትልልቅ ግሩፖች ግን የተሰረዘውና የተስተካከለው መልእክት በአስተዳዳሪዎች የቅርብ ድርጊቶች መዝገብ ውስጥ ለ48 ሰዓት ይቆያል። ዓርብ ማታ የተሰማውን «ሰኞ እናጣራዋለን» ያለ ሰው መዝገቡን ባዶ ያገኘዋል።

ስለዚህ ቅጂው ከጥያቄው ይቅደም። በኮምፒውተር ቴሌግራም ቻቱን ከፍታችሁ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ስትጫኑ የቻቱን ታሪክ ወደ ፋይል ማውጫውን (Export chat history) ታገኛላችሁ፤ ስልክ ላይ አትፈልጉት። የወጣውን ፋይል ማን፣ መቼ፣ ከየትኛው አካውንት እንዳወጣው በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

ምልክት፦ ሰዓቱ አይገጥምም

ይህ ያበሳጨኛል፤ ሁሉም እውነት ተናግሮ ጉዳዩ ይወድቃልና። በአንድ የንብረት ክፍል ጉዳይ ምስክሯ «ከጠዋቱ 3፡10 ጻፈልኝ» ብላ ፈረመች። ስልኳ 9፡10 ይላል። ከቢሮው የመልእክት መለዋወጫ፣ ከማይክሮሶፍት ቲምስ፣ የወጣው ፋይል ደግሞ 6፡10። የተከሰሰው ሠራተኛ «የትኛውን ነው የጻፍኩት?» ሲል የኮሚቴው ግማሽ አንገቱን ነቀነቀለት። መልእክቱ አንድ ነው፦ ምስክሯ በእኛ ሰዓት ቆጠረች፣ ስልኩ በፈረንጅ፣ ፋይሉ ደግሞ ከአዲስ አበባ 3 ሰዓት በሚዘገየው ዓለም አቀፍ ሰዓት። መሸኛ ደብዳቤው ላይ ሦስቱን ሰዓት ጎን ለጎን ጻፉ፤ ቀኑንም በሁለቱም ዘመን አቆጣጠር።

ምልክት፦ የቆየው መልእክት አይታይም

የሥራ መልእክት መለዋወጫውን ስላክን (Slack) በነፃ ትጠቀማላችሁ ማለት ነው። ከ90 ቀን በላይ የሆነውን አያሳይም፤ ዓመት ያለፈውን ያጠፋዋል። ወይ ክፈሉ፣ ወይ በየወሩ ቅጂ አውጡ።

ምልክት፦ ግሩፑን የከፈተው ሠራተኛ ለቋል

ክሊራንስ ሲዞር ላፕቶፑን፣ ቁልፉን፣ ባጁን እንቀበላለን፤ ግሩፑን ማንም አያስታውስም። የቴሌግራም ግሩፕ ባለቤትነት የሚተላለፈው ባለቤቱ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከመግቢያ ኮዱ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን) ካበራ 7 ቀን ሲያልፍ በመሆኑ፣ በመጨረሻው ቀን ቢለምኑትም አይሆንም። የመልቀቂያ ደብዳቤው በገባበት ዕለት ጀምሩት።

ምልክት፦ ሠራተኛው ስልኬን አልሰጥም አለ

መብቱ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትን ይጠብቃል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ም ተጨምሯል። የሥራ ጉዳይ ድርጅቱ በሚያስተዳድረው አካውንት ብቻ እንዲጻፍ፣ ቅጂውም እንደሚቀመጥ አስቀድሞ በጽሑፍ ይነገር፤ ሠራተኛውም ይፈርምበት።

ስልክ ስትለምኑ ግን ጊዜው ይሄዳል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያለ ማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብት አሠሪው ምክንያቱን ካወቀ ከ30 የሥራ ቀናት በኋላ ይቀራል። የመጀመሪያው ጥቆማ የደረሰበትን ቀን ፋይሉ ሽፋን ላይ ጻፉት።