በኤርሶፍት ጨዋታ የጓድ ሰልፍ አያያዝና አካሄድ

ኤርሶፍት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥይቶችን በሚተኩስ አስመሳይ ጠመንጃ የሚደረግ የውጊያ ጨዋታ ነው፤ በዚህ ጨዋታ የጓድ ሰልፍ ዋና ሥራው ዓይንን ማከፋፈል ነው። አራት ሰዎች አብረው ሲጓዙ አራቱም ወደ ፊት ብቻ ካዩ፣ ከጎን ያደፈጠ አንድ ተጋጣሚ ሁሉንም በጥቂት ሴኮንድ ከጨዋታ ሊያስወጣቸው ይችላል፤ ስለዚህ ከመነሣታቸው በፊት እያንዳንዱ የሚጠብቀው አቅጣጫ ተለይቶ ሊነገረው ይገባል።

በተጫዋቾች መካከል ያለው ርቀት ከመሣሪያው አቅም ጋር መመጣጠን አለበት። ባለ 6 ሚሊ ሜትሯ የፕላስቲክ ጥይት ብዙ ጊዜ 0.20 ወይም 0.25 ግራም ብቻ ስለምትመዝን ነፋስ ይገፋታል፤ ከ50 ሜትር ገደማ በላይ ያለን ሰው አነጣጥሮ መምታትም በአብዛኛው መሣሪያ አስቸጋሪ ነው። በመሆኑም የወታደርን የተራራቀ ሰልፍ እንዳለ መቅዳት አይበጅም፤ ዳርና ዳር ያሉት መረዳዳት ያቅታቸዋል። በእኔ እምነት በገላጣ ቦታ 5 ሜትር፣ በጥቅጥቅ ደን ውስጥ 2 ወይም 3 ሜትር ይበቃል።

በጠባብ መንገድና በጨለማ ነጠላ ሰልፍ ይመረጣል። ቀዳሚው ፊቱን፣ ሁለተኛው ቀኙን፣ ሦስተኛው ግራውን፣ የመጨረሻው ኋላውን ይጠብቃል። ለመምራት ቀላል ቢሆንም ወደ ፊት እንደ ልብ መተኮስ የሚችለው ቀዳሚው ብቻ ነው።

ቦታው ሰፋ ሲል ወደ ሽብልቅ ሰልፍ መዞር ይሻላል፤ ጀማሪ ጓድ አንድ ሰልፍ ብቻ አጥብቆ ይማር ቢባል ይህን እመርጣለሁ። ቀዳሚው ከፊት ይሆናል፣ ሁለት ሰዎች ከእርሱ ኋላ በግራና በቀኝ ይሰለፋሉ፣ አራተኛው ደግሞ ከአንደኛው ክንፍ ኋላ ወደ ውጭ ፈንጠር ብሎ ይከተላል። እንዲህ ሲሆን ማንም የጓደኛውን ጀርባ ሳያነጣጥር ወደ ፊትም ወደ ጎንም መተኮስ ይቻላል። መንገዱ ሲጠብ ክንፎቹ ከቀዳሚው ኋላ ገብተው ነጠላ ሰልፍ ይሠራሉ፤ ሲሰፋ እያንዳንዱ ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል። ይህ መታጠፍና መዘርጋት ያለ ድምፅ፣ በእጅ ምልክት ብቻ እስኪሳካ ድረስ ሳይተኮስ መለማመድ ያስፈልጋል።

ጎን ለጎን የሚዘረጋው ሰልፍ የሁሉንም ተኩስ ወደ ፊት ያመጣል፣ ጎኑን ግን ያጋልጣል፤ ለመጨረሻው ጥቃት ብቻ ይቆይ።

ተጋጣሚ ተኩስ ሲከፍት ጓዱ ለሁለት ይከፈላል። ሁለቱ ተንበርክከው ሲተኩሱ ሌሎቹ ሁለቱ አስቀድመው ወደ መረጡት ከለላ ይሮጣሉ፤ ሩጫው ከ3 እስከ 5 ሴኮንድ ባይበልጥ ይመረጣል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ተጋጣሚው ለማነጣጠር ጊዜ ያገኛልና። ቅጠል እንኳ የፕላስቲክ ጥይትን አቅጣጫ ስለሚያስት፣ እውነተኛ ጥይት የማያቆም ቁጥቋጦ እዚህ ጥሩ መከላከያ ይሆናል። ሯጮቹ በተኳሾቹ የተኩስ መስመር ፊት ፈጽሞ ማለፍ የለባቸውም። ተኳሾቹ «ዝግጁ» ሳይሉም ማንም አይነሣም፤ ከሁለቱ አንዱ ካዝና (የጥይት መያዣውን) እየቀየረ ከሆነ ቃሉ እስኪጨርስ ይዘገያል።

የተመታ ተጫዋች እጁን አንሥቶ «ተመትቻለሁ» ብሎ ሲወጣ፣ የዓይን መከላከያውን ከሜዳው እስኪርቅ ድረስ አያወልቅም። የቀሩት ሦስቱ ወዲያው የእርሱን አቅጣጫ መከፋፈል አለባቸው፤ መጀመሪያ የሚሸፈነውም የጎደለው ክንፍ ወይም ኋላ ነው፣ ፊቱን ቀዳሚው አስቀድሞ ይዞታልና።