ሰው ስትይዝ፣ ስትጠይቅ፣ ስታስር፦ ለጀማሪ ፖሊስ ስለ ስነምግባርና ሰብአዊ መብት

ብዙ ዓመት ፖሊስ ነበርኩ፣ ኋላ ላይም አዳዲስ ልጆች አሰልጥኛለሁ፣ እና ሁሌ የማየው አንድ ነገር አለ። የሰብአዊ መብት ስልጠና ሲባል ሁሉም ደብተሩን ያወጣል፣ አንቀጹን ይጽፋል፣ ፈተናውንም ያልፋል፣ ከዛ ግን የመጀመሪያውን ሰው ሲይዝ ልቡ ይመታና ሁሉም ነገር ከጭንቅላቱ ይጠፋል። መብት የሚጠበቀውም የሚጣሰውም እጅ ላይ ነው፣ ካቴናው ላይ፣ መዝገቡ ላይ፣ የምርመራ ክፍሉ በር ሲዘጋ። ስለዚህ ከመያዝ ጀምሬ በየደረጃው ምን እንደምታደርግ ነው የምጽፍልህ። አንተ እያልኩ ብጽፍም ለሴት ፖሊሶችም ነው፣ በዛው ያዙልኝ።

ሰው ስትይዝ መጀመሪያ ማን እንደሆንክ ተናገር፣ ከዛ ለምን እንደምትይዘው ንገረው። "ጣቢያ ስትደርስ ትሰማለህ" አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1966 የጸደቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃልኪዳን አንቀጽ 9 ላይ ምክንያቱ እዛው በተያዘበት ሰዓት ይነገረው ነው የሚለው። ቋንቋህን የማይሰማ ከሆነ የሚያስረዳው ሰው ፈልግ። ይሄ ለሱ ብቻ እንዳይመስልህ፣ ለምን እንደተያዘ ያወቀ ሰው ብዙ ጊዜ ይረጋጋል፣ ያላወቀ ሰው ግን ሊያፍኑት የመጡ ይመስለውና ይታገላል፣ አንተም ትይዘዋለህ ትጥለዋለህ፣ ባንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ነገር ጸብ ሆኖ ቁጭ። ደሞ ስሙን ጠይቀህ በስሙ ጥራው፣ ትልቅ ሰው ከሆነ አንቱ በለው። "አንተ ሌባ" ብለህ የጀመርከው ነገር በደህና አያልቅም፣ ሌባ ነው አይደለም የሚለውን ደሞ ዳኛው ነው የሚወስነው።

ኃይል መጠቀም ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰው የሚሞተው እዚህ ጋ ነውና። የተባበሩት መንግስታት እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው የህግ አስከባሪዎች የስነምግባር ደንብ 8 አንቀጽ ብቻ ነው ያለው፣ አንድ ማታ ቁጭ ብለህ ትጨርሰዋለህ፣ አንቀጽ 3 ላይ ኃይል የግድ ሲሆን ብቻ፣ እሱም ስራው በሚጠይቀው ልክ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1990 ኩባ ውስጥ ሀቫና ላይ የጸደቁት የተባበሩት መንግስታት የኃይልና የጦር መሳሪያ አጠቃቀም መርሆዎች ደሞ ስለ መሳሪያ በዝርዝር ያወራሉ፣ ሰው ላይ የሚተኮሰው ያንተን ወይ የሌላ ሰውን ህይወት ለማትረፍ ወይ ከከባድ ጉዳት ለማዳን ሌላ መንገድ ሲጠፋ ነው፣ ከዛ በፊት ፖሊስ መሆንህን ተናግረህ ታስጠነቅቃለህ፣ ማስጠንቀቁ ራሱ ሰው የሚያስገድል ካልሆነ በቀር። ቦርሳ ነጥቆ እየሮጠ ያለ ልጅ ማንንም አይገድልም፣ ስለዚህ አይተኮስበትም፣ ያምልጥ፣ ነገ ይያዛል። ዱላም ቢሆን ጭንቅላት፣ አንገት፣ አከርካሪ፣ ኩላሊት አካባቢ አይሰነዘርም።

ግን ካየሁት ብዙው ስህተት የሚሰራው ኃይል ሲጀመር ሳይሆን ማቆም ሲያቅት ነው። ሰውየው ሲታገል ጥለህ ያዝከው እንበል፣ ልክ ነህ። ካቴና ገባለት፣ መታገሉን ተወ። አሁን ከዚች ሰከንድ በኋላ የምታደርገው እያንዳንዱ ነገር፣ አንድ እርግጫም ቢሆን፣ ስራ አይደለም ድብደባ ነው። ሰውነትህ ግን ገና እየነደደ ነው፣ እጅህ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ስለዚህ ለራስህ ምልክት አብጅ። እኔ ሰልጣኞቼን ካቴናው ሲገባ ጮክ ብላችሁ "ተይዟል" በሉ እላቸው ነበር፣ ለጓደኛህም ለራስህም ነው የምትለው፣ ያ ቃል ከወጣ በኋላ ማንም አይመታም።

ከዛ ቶሎ ከሆዱ ላይ አንሳው። በደረቱ የተኛ፣ እጁ ወደኋላ የታሰረ፣ ከላዩ ላይ ክብደት ያለበት ሰው አየር ሊያጥረው ይችላል። በጎኑ አድርገው ወይ አስቀምጠው። "መተንፈስ አቃተኝ" ካለህ "ካወራህማ ትተነፍሳለህ" እንዳትል፣ ጥቂት ቃላት ለማውጣት የሚበቃ አየር በህይወት ለመቆየት ላይበቃ ይችላል። አሜሪካዊው ጆርጅ ፍሎይድ እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 2020 ሚኒያፖሊስ ከተማ ውስጥ የሞተው ካቴና ገብቶለት፣ አንድ ፖሊስ 9 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ አንገቱን በጉልበቱ ተጭኖት ነው። እዛ የነበሩት ሌሎቹ 3 ፖሊሶችም እ.ኤ.አ. በ2022 ፌደራል ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለዋል፣ ሶስቱም ህክምና ባለመስጠት፣ ሁለቱ ደሞ ባልደረባቸውን ባለማስቆም። ስለዚህ ጓደኛህ ሲያጠፋ ዝም ማለት አንተንም ያስጠይቃል። ትከሻውን ይዘህ "በቃ፣ እኔ ልያዘው" በለው፣ ሰው ፊት ሳታዋርደው ቦታውን ተቀበለው።

ስለ ካቴና የራሴን ልናገር። ገና ጀማሪ እያለሁ አንድ ሰውዬ ይዤ ስሄድ "እጄ ደነዘዘ" አለኝ፣ "ቻለው፣ ደርሰናል" አልኩት። ብዙ መንገድ ቀርቶን ነበር። ከወራት በኋላ ፍርድ ቤት ለምስክርነት ስሄድ አየሁት፣ ተቀምጦ የቀኝ አውራ ጣቱን ጀርባ በሌላው እጁ ያሻል፣ ያሻል፣ ችሎቱ እስኪያልቅ አላቆመም። ኋላ ስጠይቀው "እስካሁን አይሰማኝም" አለኝ። በነጻ ነው የተለቀቀው። እኔ እስከዛሬ የዛ ጣት ነገር ከሆዴ አልወጣም። አንጓ ላይ ከቆዳ ስር የሚያልፍ ነርቭ አለ፣ የጠበቀ ካቴና ይጎዳዋል። ስለዚህ ካስገባህ በኋላ የጣትህ ጫፍ በብረቱና በአንጓው መሀል መግባቱን እይ፣ ከዛ እንዳይጠብቅ የሚይዘውን ሁለተኛ መቆለፊያ ዝጋ፣ ያመኛል ካለህ ደሞ ቆመህ እየው።

ጣቢያ ስትደርስ መዝገብ፣ በጣም አጥብቄ ነው የምለው። የተያዘበት ሰዓት፣ ቦታ፣ ማን ያዘው፣ ለምን፣ ሰውነቱ ላይ ያለ ቁስል፣ የያዘው ንብረት ፊቱ ተቆጥሮ። መዝገብ ላይ የሌለ ሰው ማንም ሊያጠፋው የሚችል ሰው ነው፣ ቤተሰቡ መጥቶ ቢጠይቅ "የለም" ይባላላ። ቤተሰቡ ይነገረው፣ ጠበቃ ማግኘት እንደሚችል ንገረው፣ ከታመመ ሀኪም ይየው። ሴት በሴት ነው የምትፈተሸው፣ ልጆች ከትልልቆች ጋር አይታሰሩም። ዳኛ ፊት መቅረቡን ደሞ አታዘግይ፣ ቅድም ያልኩህን የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃልኪዳን የሚከታተለው የተባበሩት መንግስታት ኮሚቴ አብዛኛውን ጊዜ 48 ሰዓት ይበቃል ይላል፣ ያንተ አገር ህግ ከዛ ካጠረ እሱን ያዝ።

ምርመራ ላይ "ሳይነካ አያወጣም" የሚል ሰው ያጋጥምሃል፣ ምናልባት አለቃህ ይሆናል። እንግሊዝ ውስጥ በርሚንግሃም ከተማ መጠጥ ቤቶች በቦምብ ከተመቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1975 ስድስት ሰዎች እድሜ ልክ ተፈረደባቸው፣ አራቱ አመኑ የተባለበት ቃል ነበር፣ እነሱ ግን ተደብድበን ነው እያሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ፍርዱ ተሽሮ ወጡ፣ 16 ዓመት አልፎ። አስበው እስቲ፣ እነሱ ታስረው ባሉበት ጊዜ ሁሉ ያፈነዳው ሰው ለዛ ፍንዳታ አልተፈረደበትም። እንደነዚህ ያሉ ጉዳዮች ከወጡ በኋላ ነው እዛ አገር ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1992 አዲስ የአጠያየቅ ዘዴ ያመጣው። ማሰቃየትን የሚከለክለው እ.ኤ.አ. የ1984ቱ የተባበሩት መንግስታት ስምምነትም በስቃይ የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሆንም ይላል፣ ጦርነትም ይሁን አስቸኳይ ጊዜ ምክንያት አይሆንም።

ታድያ እንዴት ይጠየቃል? ከመግባትህ በፊት መዝገቡን አንብብ፣ የምታውቀውንና የማታውቀውን ለይ። ያለመናገር መብት እንዳለው ንገረው። ከዛ "የዛን ቀን ከጠዋት ጀምረህ ንገረኝ" በልና ዝም በል፣ ዝምታ ይከብዳል ግን ቻለው፣ አታቋርጠው። "በጓሮ በር ነው አይደል የገባኸው?" ብለህ የጠየቅከው ቀን አበላሸኸው፣ የጓሮውን በር አንተ ነህ የነገርከው፣ ነገ እሱ ደግሞ ሲነግርህ እውነት ይወቅ አይወቅ መለየት አትችልም። በሩን እሱ ራሱ ካነሳው ግን ያ ወርቅ ነው። በድምጽ ወይ በቪዲዮ ቅረጽ፣ ካሜራ ከሌለ ጥያቄህንም መልሱንም እንዳለ ጻፍ።

ህገወጥ ትእዛዝ ሲመጣ ምን ይደረጋል የሚለውን ሁሉም ይጠይቀኛል። ያው ማሰቃየትን የሚከለክለው ስምምነት የአለቃ ትእዛዝ ማሰቃየትን አያጸድቅም ይላል፣ እጅህ የሰራውን አንተ ነህ የምትጠየቅበት። ግን ጀማሪ ነህ፣ ደሞዝህ ነው፣ ይገባኛል፣ ቀላል ነው አልልህም። እኔ ያየሁትና የሰራው ሳይጮኹ "ጌታዬ፣ ይሄን በጽሁፍ ይስጡኝ" ማለት ነው። በጽሁፍ ለመስጠት የሚደፍር አለቃ እምብዛም አላየሁም። ሰጠም አልሰጠም አትስራው፣ ሰዓቱንና የተባልከውን ጽፈህ ያዝ፣ ከሱ በላይ ላለው ወይ ቅሬታ ለሚቀበለው አካል አሳውቅ።

ሪፖርትህ ላይ "ተመጣጣኝ ኃይል ተጠቅሜ ተቆጣጠርኩት" ብለህ አትጻፍ፣ ምንም አይናገርም። "ዱላ አንስቶ ወደኔ መጣ፣ ሁለቴ ጣል አልኩት፣ አልጣለም፣ ክንዱን አንዴ መታሁት፣ ዱላው ወደቀ፣ ካቴና አስገባሁ፣ ክንዱ ስላበጠ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት" ብለህ ጻፍ። እንዲህ መጻፍ ካቃተህ መጻፍ የማትችለውን ነገር አድርገሃል ማለት ነው፣ እሱንም ቢሆን እንዳለ ጻፈው።

ተረኛ ስትቀያየሩ ደሞ ቁልፍና መዝገብ ብቻ አትቀባበሉ። አብራችሁ ግቡ፣ እያንዳንዱን እስረኛ በስሙ ጥሩት፣ ይመልስ። የተኛ ካለ "ተኝቷል" ብለህ አትለፍ፣ ቀስቅሰው፣ ስሙን ይንገርህ፣ ከዛ ፈርም።